ከሄልሜት ሥር የሚገባ ኤርፎን በሌላ ሚዛን ይመረጥ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ስለ ኤርፎን አመራረጥ የወጣውን ጽሑፍ ያነበብኩት ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ ሞተሬ ላይ ተቀምጬ መዝገብ ቤቱ እስኪከፈት በምጠብቅበት ሰዓት ነበር። ጽሑፉ የባትሪውን ቆይታ፣ የድምፁን ጥራትና የዋጋውን ነገር በሚገባ ያስረዳል፤ አውቶቡስ ውስጥ ወይም ቤቱ ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ሰው የጎደለ ነገር አልታየኝም። ነገር ግን በዚህ ከተማ ኤርፎን ጆሮው ውስጥ ከትቶ ከሚውለው ሰው መካከል ቀላል የማይባለው በላዩ ላይ ሄልሜት የሚያጠልቅ ሞተረኛ ነው፤ ጽሑፉ ስለ እሱ አንድም ነገር አላነሣም። ለሞተረኛ ጥሩ ኤርፎን የሚባለው ድምፁ ከሁሉ የሚበልጠው ሳይሆን ድምፁን ከሁሉ ዝቅ አድርጎ ለመስማት የሚያስችለው ነው፤ መሐል ከተማ ውስጥ ደግሞ በዚህ ላይ ጆሮን የማይደፍን መሆን ይኖርበታል። እነዚህ ሁለት ነገሮች እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ስለሚመስሉ፣ ከደረሰብኝ ነገር ጋር አያይዤ ላስረዳ።

ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት የአንድ የሕግ ቢሮ ሰነድ አመላላሽ ሆኜ ሠርቻለሁ። ቢሯችን አምባሳደር አካባቢ ሲሆን፣ ማለዳ በሜክሲኮ አድርጌ ወደ ልደታ፣ ረፋድ ላይ በአራት ኪሎ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፒያሳና ፖስታ ቤት እመላለሳለሁ። ስልክ ሳላነሣ መዋል አልችልም፤ "ማኅተም ያላረፈበት ገጽ አለ፣ ከብሔራዊ ቴአትር ተመለስ" የሚል ጥሪ ካመለጠኝ ግማሽ ቀን ይባክናል፤ ቀጠሮውም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ "ኤርፎኑን ጨርሶ አትጠቀም" የሚለው ምክር፣ ምንም እንኳ ትክክል ቢሆን፣ እኔንም ሆነ ዕቃና ምግብ የሚያደርሱትን ባልደረቦቼን አያኖርም።

በእጅ ስልክ ይዞ ማሽከርከር ክልክል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙዎቻችን ግን ደንቡን ያመለጥነው በሄልሜት ነው፤ ስልኩን በጉንጫችንና በሄልሜቱ ስፖንጅ መካከል ሰክተን "እጄ ነፃ ነው" እንላለን። እኔም ለሁለት ዓመት ያህል እንዲሁ አድርጌያለሁ። ሄልሜቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ የፊት መስታወቱ አይዘጋም፣ ስልኩ ሲንሸራተት አንገት ሳይታወቅ ወደ ትከሻ ይጎነበሳል፣ ዓይንም መንገዱን ትቶ ስልኩን ይከተላል። አንድ ቀን ለገሃር አካባቢ ስልኬ አስፋልት ላይ ወድቆ ከኋላዬ የሚመጣ ሚኒባስ ጎማ ሥር ገባ። ኤርፎን ልግዛ ያልኩት ያን ቀን ነው፤ ደኅንነቴን አስቤ ነው ብል ግን እዋሻለሁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ የቅርፅ ስህተት ነበር። ገጻችሁ ካመሰገናቸው ውስጥ ወደ ታች እንደ ዘንግ የሚወርድ እጀታ ያላቸውና ከጆሮ ወጣ ብለው የሚታዩት ይበዛሉ። እነዚህ ያለ ሄልሜት ሲደረጉ ያምራሉ፤ ሄልሜት በላያቸው ሲጠለቅ ግን ስፖንጁ እጀታውን ይይዝና ኤርፎኑን ያጣምመዋል፣ ወይም ወደ ውስጥ ገፍቶ ጆሮ ላይ ያተመዋል። ከአምባሳደር ልደታ እስክደርስ ድረስ ብዙም አይሰማኝም ነበር፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግን ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ያለችው ትንሽ ጉብታ እንደ ቁስል ትጠዘጥዘኛለች።

ከዚህ የባሰው ሄልሜቱ ሲወልቅ ነው። መሐል ከተማ የሚሠራ ሞተረኛ በቀን ስንት ጊዜ ሄልሜቱን እንደሚያወልቅ ከጥበቃ ሠራተኞች በቀር የሚያውቅ የለም። በየመሥሪያ ቤቱ በር "ወንድሜ፣ ሄልሜትህን አውልቅ፣ ፊትህን ልይ" ይባላል፤ ይህም ተገቢ ነው። ሄልሜቱ ወደ ላይ ሲሳብ ገመድ አልባው ኤርፎን ከስፖንጁ ጋር ተስቦ ይወጣና ወዴት እንደሄደ አይታወቅም። የእኔ የግራው ስድስት ኪሎ ላይ ከአንድ በር ፊት ለፊት ነጥሮ፣ በድንጋዩ ላይ ሁለት ጊዜ ዘሎ፣ በፍሳሽ መሄጃው ፍርግርግ ውስጥ ገባ። ጥበቃው ከእኔ ጋር ተንበርክኮ በስልኩ መብራት ፈለገልኝ። ነጭ ስለነበር ይታየናል፤ እጅ ግን አይደርስበትም። ቀኙን ብቻዬን ይዤ ወደ ሞተሬ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት መለኪያ ቀላል ነው፤ ለመሸጫ ሱቅም ይሆናል። ኤርፎኑን ጆሮ ውስጥ አስገብቶ በላዩ ላይ የተማሪ ማስመሪያ ጠፍጣፋውን ጎን ጆሮ ላይ ማሳረፍ ነው። ማስመሪያው መጀመሪያ የጆሮን ጠርዝ ከነካ ኤርፎኑ ሄልሜት ሥር ይገባል፤ መጀመሪያ ኤርፎኑን ከነካ ግን ሄልሜቱም እንዲሁ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ዋጋውን መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም። ከዚህ የሚሻለው ሄልሜቱን ራሱን ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ ነው። ባለሱቁ ይስቅ ይሆናል፤ ይሳቅ። ሄልሜቱን አጥልቆ፣ ማሰሪያውን አስሮ፣ አገጭን እያንቀሳቀሱ ጥቂት ማውራትና አንገትን ግራና ቀኝ ማዞር ያስፈልጋል፤ አፍ ሲከፈት የጆሮ ቀዳዳ ቅርፁን ስለሚለውጥ፣ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የጠበቀው ኤርፎን በንግግር ጊዜ የሚላላበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ገመድ ያለው ከተመረጠም ገመዱ ከጆሮ በላይ ዞሮ ከኋላ የሚወርደው ዓይነት ከሄልሜቱ ጋር የሚስማማ ሲሆን፣ በቀጥታ ወደ ታች የሚንጠለጠለው በአገጭ ማሰሪያው ይያዛል።

በመንካት የሚታዘዙትም ራሳቸውን የቻሉ ፈተና ናቸው። ገላቸውን በጣት መታ ሲያደርጉት ዘፈን የሚያቆመው ወይም ስልክ የሚያነሣው ዓይነት፣ ስፖንጅና ጣትን አይለይም። አንድ ጊዜ አራት ኪሎ ላይ አንገቴን ወደ ግራ ሳዞር ኤርፎኑ በስፖንጁ ተነካና መጨረሻ የደወልኩበትን ቁጥር መልሶ ደወለ። ቁጥሩ የአለቃዬ ነበር፤ አለቃዬም ያን ሰዓት ችሎት ፊት ቆመው ይከራከሩ ነበር። ቀጥሎ የሆነውን ለመጻፍ ይህ ገጽ አይበቃም። የመንኪያው ትእዛዝ ከስልኩ ላይ የሚጠፋበት መንገድ ካለው ይጠፋ፤ ከሌለው ደግሞ ቁልፉን ጫን ካላሉት የማይታዘዝ ዓይነት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ እሱም የድምፅ መጠን ነው። ሄልሜት ጆሮን ከጩኸት የሚከላከል ይመስለናል፤ ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ሲነዳ፣ በሄልሜቱ ዙሪያና በአንገቱ ሥር የሚሽከረከረው ነፋስ ከሞተሩ ድምፅ ይበልጣል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደረስ በተለመደው ሄልሜት ውስጥ ያለው የነፋስ ጩኸት፣ ዴሲቤል በሚባለው የድምፅ መለኪያ፣ ወደ 100 ዴሲቤል ይጠጋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ኢንስቲትዩት አንድ ሠራተኛ በቀን ለ8 ሰዓት ሊቋቋመው ይችላል የሚለው መጠን 85 ዴሲቤል ነው፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 3 ዴሲቤል ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ዘመድ ለመጠየቅ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ደብረ ብርሃን በሞተር በሄድኩ ቁጥር ማታ ጆሮዬ ጭው ሲል የሚያድረው ለምን እንደነበር የገባኝ ይህን ካወቅኩ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ብርዱ ነው እል ነበር።

በዚያ ጩኸት ላይ ላላ ብሎ የሚቀመጥ ኤርፎን ያደረገ ሰው ምን ያደርጋል? ድምፁን ይጨምራል። ነፋሱ አይቀነስም፤ ሙዚቃው በላዩ ይጫናል፤ ጆሮ ሁለቱንም ይሸከማል። የጆሮን ቀዳዳ በደንብ የሚዘጋ ኤርፎን ግን በትክክል ከገባ የውጭውን ድምፅ 20 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ስለሚቀንስ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ቁልጭ አድርጎ ያሰማል። ከፋብሪካ የሚመጡት የጎማ ጫፎች ብዙ ጊዜ በሦስት መጠን ናቸው፤ አብዛኛው ሰው መካከለኛው ተገጥሞ ስለሚመጣ ሌሎቹን ከካርቶኑ ሳያወጣ ይጥላቸዋል። ግራና ቀኝ ጆሮ እኩል ላይሆን እንደሚችልም ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የእኔ ቀኝ ትልቁን፣ ግራዬ መካከለኛውን ይፈልጋል። ጫፉ መዝጋት አለመዝጋቱን ለማወቅ ወፍራሙን ድምፅ ማዳመጥ ነው፤ ቤዙ ከጠፋ ወይም ከሳሳ ቀዳዳው አልተዘጋም፤ ኤርፎኑ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም። ስፖንጅ ጫፍ የሚያገኝ ሰው በጣቱ ጠቅልሎ፣ ጆሮውን በሌላው እጁ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ አስገብቶ፣ እስኪፋፋ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይያዘው። ሄልሜቱ የሚጠለቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ገጻችሁ ብዙ ያሞገሰው ኖይዝ ካንስሌሽን የተባለው ዘዴ በሞተር ላይ እንደ ስሙ አይደለም። በኤርፎኑ ላይ ያለችው ማይክሮፎን የውጭውን ድምፅ ትይዛለች፣ መሣሪያው ተቃራኒውን ሞገድ ይፈጥራል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ። ይህ ለአውሮፕላን ሞተር ዓይነት ወጥና ወፍራም ድምፅ ድንቅ ነው። ነፋስ ግን ወጥ አይደለም፤ ማይክሮፎኗን በቀጥታ ሲመታት ደግሞ መሣሪያው ግራ ተጋብቶ ራሱ የጉምጉምታ ድምፅ ይጨምራል። የውጭውን ድምፅ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ተቃራኒው ዘዴም እንዲሁ የስፖንጁን ፍግፈጋ አጉልቶ ያሰማል እንጂ የመኪናውን ጡሩንባ ለይቶ አያመጣም። ሞተረኛ ለዚህ ዘዴ ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ባይከፍል እመርጣለሁ።

እንግዲህ የሚዘጋው ኤርፎን ይሻላል ካልኩ፣ መሐል ከተማ ውስጥ ለምን እቃወመዋለሁ? ምክንያቴ ቸርችል ጎዳና ላይ የሆነው ነው። የግራው ኤርፎን ስድስት ኪሎ ላይ ከጠፋብኝ በኋላ የቀኙን ብቻ እጠቀም ነበር፤ እንዲያውም ጥሩ ብልሃት መስሎኝ ነበር። እኛ የምንነዳው በቀኝ ጠርዝ ስለሆነ፣ የሚቀድመን መኪና ሁሉ በግራ ይመጣል፤ ስለዚህ ግራ ጆሮ ክፍት፣ ቀኙ ለስልክ። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ወደ ጥቁር አንበሳ ስወርድ የአምቡላንስ ሳይረን ሰማሁ። በግልጽ ሰማሁ፤ የመጣልኝም ከግራ ነው። መንገድ ልልቀቅለት ብዬ ወደ ቀኝ ተጠጋሁ። አምቡላንሱ ግን ከኋላዬ በቀኜ በኩል ነበር፤ ወደ ሆስፒታሉ ለመታጠፍ የመጨረሻውን ቀኝ መስመር ይዞ ይመጣ ነበር፤ እኔ የገባሁት ፊቱ ነው። ፍሬኑ ሲጮኽ የሄልሜቴ መስታወት ላይ ቀይ መብራት ሲመላለስ ይታየኛል። ሹፌሩ ምንም አልተናገረኝም፣ እጁን ብቻ አወዛወዘ፤ ውስጥ ሰው ነበረ።

ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ወደ ሁለቱ ጆሮዎች የሚደርስበትን የሰዓትና የጉልበት ልዩነት በማነጻጸር ነው። አንዱ ሲደፈን ሰውየው ይሰማል፤ አቅጣጫው ግን ይጠፋዋል፤ ሁሉም ድምፅ ከተከፈተው ጆሮ በኩል የመጣ ይመስለዋል። "አንዱን ብቻ አድርግ" የሚለው ምክር በውጭ አገርም የተለመደ ነው፤ ለምሳሌ የካሊፎርኒያ ሕግ የሚከለክለው ሁለቱንም ጆሮ መሸፈን ነው። ፈረንሳይ በአንጻሩ ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2015 ጀምሮ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ለማንኛውም አሽከርካሪ ከልክላ፣ በሄልሜቱ ውስጥ የተገጠመውን ብቻ ለሞተረኛ ትታለች። ከቸርችሉ ቀን በኋላ የእኔ ፍርድ ወደ ፈረንሳዮቹ አጋድሏል።

ምክንያቱም በአምባሳደርና በፒያሳ መካከል የምንነዳበት ፍጥነት ከ30 ወይም ከ40 ኪሎ ሜትር አይዘልም፤ ነፋሱ ጠላት የሚሆንበት ቦታ አይደለም። እዚህ የሚያስፈልገን የሚኒባሱን ረዳት ጥሪ፣ በድንገት የሚከፈተውን በር፣ የትራፊኩን ፊሽካ ከነአቅጣጫው መስማት ነው። አሁን እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ ሞተሮችና መኪኖች ደግሞ ድምፃቸው በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ጎማቸው አስፋልት ላይ ሲሽከረከር ያለችውን ትንሽ ሹክሹክታ ካልሰማን ሌላ ምልክት አይሰጡንም። ለዚህ የሚስማማው በሄልሜቱ የጆሮ ቦታ ላይ ከስፖንጁ ጀርባ የሚለጠፍ፣ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ስስ የብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ ነው። ጆሮ ውስጥ ምንም አይገባም፤ ሁለቱም ቀዳዳ ክፍት ነው፤ ሄልሜቱ አሥር ጊዜ ቢወልቅ የሚወድቅ ነገር የለም። ሙዚቃው እንደ ቆርቆሮ ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔ የምፈልገው ግን "ተመለስ" የሚለውን ቃል መስማት ነው፤ ለእሱ ይበቃል። የሚያዋጣውም ድምፅ ማጉያው ከጆሮ ቀዳዳ ትክክል ሲሆን ነው፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ከሄደ ግማሹ ድምፅ ይጠፋል፤ ያን ጊዜም ሰው ቦታውን እንደማስተካከል ድምፁን ወደ መጨመር ይሄዳል።

በዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ለኤርፎኑ ወይም ለድምፅ ማጉያው ቦታ ለማግኘት የሄልሜቱን ውስጥ በቢላ ሲፍቁ አይቻለሁ፤ እስታዲየም አካባቢ ደንበኛ ስንጠብቅ አንዱ በኩራት አሳይቶኛል። ከጨርቁና ከስፖንጁ ሥር ያለው፣ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ እንደሚመጣው ያለ ነጭ ፎም፣ ለድሎት የተቀመጠ አይደለም። ራስ ሲመታ ተጨፍልቆ ምቱን የሚቀበለው እሱ ነው። ሄልሜት በአደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በብዙ አገሮች ጥናቶች ላይ የተመሠረተ ግምገማ አሳይቷል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ያልተቦረቦረው ሄልሜት ነው። የጆሮ ጉድጓድ የሌለው ሄልሜት ያለው ሰው ለስልክ ሲል ጥግ ይዞ ይቁም።

ከጆሮ ፊት ባለው አጥንት ላይ አርፎ የሚያሰማውም ዓይነት አለ። ጆሮን አይደፍንም፤ ነገር ግን ከኋላ የሚዞረው ማያያዣው ከሄልሜቱ ጠርዝ ጋር ይጋጫል፣ አጥንቱ ላይም ይጫናል፤ ለብስክሌተኛ ልተወው። ስለ ክረምቱ ደግሞ፣ ውሃ መቋቋሙን የሚያመለክተው አይፒኤክስ 4 (IPX4) ወይም ከዚያ በላይ የሚል ጽሑፍ የሌለበትን ኤርፎን ሐምሌ ላይ አታድርጉት ከማለት በቀር የምጨምረው የለም። ላብም ውሃ ነው።

የባለሱቆችንም ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ ፒያሳ የነበሩት ሱቆች ሳይፈርሱም ሆነ ከፈረሱ በኋላ በሌላ ሰፈር ስጠይቅ፣ ለሄልሜት የሚሆን ኤርፎን ስል የሚመጣልኝ መልስ አንድ ነው፤ "ብራዘር፣ ይሄን ውሰድ፣ ቤዙ ሌላ ነው፣ ጩኸቱ ከውጭ ይሰማል።" ጩኸቱ ከውጭ የሚሰማ ኤርፎን ለእኔ የሚነግረኝ ቀዳዳውን እንደማይዘጋና ድምፁ ከልክ በላይ እንደሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤልን በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው የሚፈቅደው፤ ሞተረኛው ሥራው ላይ ከዚህ የበለጠ ሰዓት ይቀመጣል። እኔ ስልኬ ላይ ያለው የድምፅ መጠን ከግማሽ እንዳያልፍ ዘግቼዋለሁ፤ በግማሽ ካልተሰማኝ ያልተስተካከለው አቀማመጡ ነው ብዬ ቆሜ አስተካክለዋለሁ። ከከተማ ስወጣ የሚዘጋውን ኤርፎን አደርጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ምንም ሳልከፍትበት፣ ለነፋሱ ብቻ። ስመለስ ከተማው መግቢያ ላይ ቆሜ አወጣዋለሁ።

ስለሆነም የቴክኖሎጂ ገጹ አዘጋጅ ለሚቀጥለው ጊዜ ኤርፎኖችን ሲያወዳድሩ፣ ከባትሪውና ከዋጋው ቀጥሎ አንድ ዓምድ ለእኛ ቢጨምሩልን እጠይቃለሁ፤ እያንዳንዱን አድርገው በላዩ ሄልሜት ያጥልቁ፣ ሃያ ደቂቃ ይቆዩ፣ ከዚያ አውልቀው ኤርፎኑ የት እንደወደቀ ይጻፉ። ሄልሜት ከሌላቸው የእኔን ላውሳቸው ዝግጁ ነኝ፤ ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ሰኞ ማለዳ አልፈልገውም። የሄልሜቱ ልክ 58 ቁጥር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ሰነድ አመላላሽ ሞተረኛ
ከአምባሳደር አካባቢ፣ አዲስ አበባ